መዋጮና ቅብብል

እንስሳት ጉባኤ ተቀምጠው በሚማከሩበት ዘመን፣ በአገው ምድር፣ ከዘንገና ሐይቅ አፋፍ ላይ አንድ የእንስሳት መንደር ነበረ። ዘንገናን ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በየብስ የተጓዘ ሰው ያውቀዋል፤ ለእንጅባራ ቅርብ፣ ከአስፋልቱ ዳር፣ ዙሪያውን በደን ታጥሮ የተኛ ክብ ሐይቅ ነው። ጉድጓዱን የከፈተው የጥንት እሳተ ገሞራ ነው። አገሩ ደጋ ነው፤ ብርዱ ዘልቆ ይገባል፣ ክረምቱም ረጅም ነው። ለዘመናት የወረደው ዝናብ የአፈሩን ጉልበት አጥቦ ስለወሰደው መሬቱ ኮምጥጧል። ዛሬ የግብርና ባለሙያዎች አሲዳማ አፈር ብለው ኖራ እንዲበተንበት የሚመክሩት ይህንኑ መሬት ነው። በተረቱ ዘመን ግን ኖራ የሚበትን አልነበረም፤ ገብሱ ዓመት በዓመት እየሳሳ ሄደና እንስሳቱ የሚበሉት አጠራቸው።

በመንደሩ ሙያቸው የታወቀ ሁለት ሠራተኞች ነበሩ። በሬ ዘር ከሰጡት አርሶና ዘርቶ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል፤ ለ5 ቁና 10፣ ለ8 ቁና 16። አህያ ደግሞ የተጫነችውን ገብስ 40 ኪሎ ሜትር ግድም ርቆ ወደሚገኘው የዳንግላ ገበያ ይዛ ትወርዳለች። እዚያ በጥሩ ዘር ገብስ ትለውጠዋለች፤ እግረ መንገዷን የነጋዴ ጭነት ስለምታደርስም የድካሟን 3 ቁና ተቀብላ በዚያው ላይ ደርባ ትመለሳለች። የሰጧት ቢበዛም ቢያንስም ጭማሪዋ 3 ቁና ነው።

መንደሩ ሁለቱን የሚያምናቸው ቃላቸው ስለማይዋዥቅ ነበር። በሬ ለ5 ቁና ዘንድሮ 10፣ ከርሞ 9 አይልም። ሰጪው ዘመዱ ይሁን ባላንጣው አይጠይቅም። በሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መጽሐፍ ፋንክሽን የሚባለው እንዲህ ያለው ሙያ ነው፤ ለአንድ ለተሰጠው ነገር አንድ መልስ ብቻ ያለው፣ ያም መልስ ሁልጊዜ ያው የሆነ። ዳኛም፣ የቀበሌ ሹምም፣ የመሥሪያ ቤት ኃላፊም በዚህ ልክ ቢመዘኑ እወዳለሁ። አንድ ዓይነት አቤቱታ ይዘው የገቡ ሁለት ሰዎች ሁለት ዓይነት ውሳኔ ይዘው ከወጡ፣ በዚያ ቤት የሚሠራው ሕጉ አይደለም፤ ሌላ ነገር ነው።

አያ ጅቦም ሙያ አለኝ ብሎ መጥቶ ነበር። ሰጥተው ሞከሩት። ቀን፣ ሁሉም እያየ የሰጡትን 5 ቁና 7 አድርጎ መለሰ። ማታ በሰጡት 5 ቁና ፈንታ ግን ባዶ ስልቻ ይዞ መጣ። ሲጠየቅ «እንደ ጊዜው ነው» አለ። ጉባኤውን የምትመራው አሮጊቷ ላም ስልቻውን ገልብጣ አየችና፣ «አያ ጅቦ፣ አንተን ከማን ጋር እንደምር? ከማንስ ኋላ እናሰልፍህ? ከእጅህ የሚወጣውን አንተም አታውቀው» ብላ አሰናበተችው።

በዚያ ዓመት ዘር የተረፋት በግ ብቻ ነበረች። ባሏን ያጣች፣ አንድ ግልገል የምታሳድግ በግ። የመንደሩን ችግር አይታ ጎተራዋን ገለበጠችና 10 ቁና ገብስ ለጉባኤው አበደረች። ጸሐፊዋ ጦጣ «5ቱ ለበሬ፣ 5ቱ ለአህያ ይሰጥ፤ ሁለቱም በየፊናቸው ይሥሩ፤ መጨረሻ ላይ ያገኙትን አንድ ላይ እናደርጋለን» አለች። ሐሳቡ መዋጮ ነው፤ ሁሉም ወደደው። በሬ 10 ቁና ይዞ መጣ። አህያ 8 ቁና ይዛ መጣች። ጦጣ ከጉባኤው አጠገብ ከቆመው የኮሶ ዛፍ ላይ ወጣችና፣

«ከ5 ቁና 18 ቁና አገኘን!» ብላ ለፈፈች።

እልልታው ቀለጠ። አሮጊቷ ላም ግን ማመንዠኳን አቆመች።

«እሜት ጦጢት፣ ለበሬ ስንት ተሰጠው?»

«5።»

«ለአህያስ?»

«ለእሷም 5።»

«እንግዲያ ከበጊቱ ጎተራ የወጣው ስንት ነው?»

ጦጣ ጅራቷን እያጠነጠነች ዝም አለች።

ወረቀት ላይ የጦጣ አነጋገር ትክክል ነው። ሁለት ፋንክሽኖች ሲደመሩ ያው አንድ ቁጥር ለሁለቱም ይሰጣል፤ ለአንዱ 5 ብንሰጥ ለሌላው የሚጎድል 5 የለም። የሁለቱ መልስ ይደመራል፣ 10 እና 8 18 ይሆናል፣ አለቀ። ገብስ ግን ቁጥር አይደለም። በበሬ ትልም ውስጥ የገባው ፍሬ አህያ ጀርባ ላይ የለም። ድምርን ወደ ኑሮ ስናመጣ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የየራሱ 5 ቁና ማቅረብ ግድ ይላል፤ ያንን ያቀረበች ደግሞ አንዲት በግ ናት። በየስብሰባው የተገኘው በድምፅ ማጉያ ሲነበብ የገባበት አብሮ ካልተነበበ፣ ተረስታ የምትቀረው ጎተራዋ የተገለበጠባት ናት። እኔ ይህን ዓይነቱን ሪፖርት ሐሰት ነው እላለሁ፣ ቁጥሩ አንድም ሳይሳሳት።

ለመዋጮ ግን ያለውን ክብር ልስጠው። በመዋጮ ፊትና ኋላ የለም። 10 እና 8 ያው 8 እና 10 ነው። በሬ ቀድሞ ቢያስገባም አህያ ብትቀድም ጎተራው ልዩነቱን አያውቀውም። ለዚህ ነው ዕድርም ዕቁብም ሰውን ሳያጣሉ ዘመን የሚሻገሩት። አንዱ ቢታመም የሌላው ድርሻ አይነካም። ይህ ጥቅም ኋላ ላይ ያስፈልገናልና አንባቢ ይያዝልኝ።

በሁለተኛው ዓመት በግ ማበደር የቻለችው 5 ቁና ብቻ ነው። ለሁለት ቢከፈል ለማንም አይበቃም። አሮጊቷ ላም «እንግዲህ አንዱ የሠራውን ሌላው ይቀበለው፤ በቅብብል እንሥራ» አለች። በሬ ብድግ አለ።

«እኔ እቀድማለሁ። አህያ የነካችውን እህል ተቀብዬ ልዝራ? ቀንዴን ተመልከቱ!»

አህያ አንገቷን ደፍታ ነበር። ቀስ ብላ እንዲህ አለች፦

«አያ በሬ፣ ክብርህን ነክቼ አይደለም። እኔ ብቀድም የኔ 3 ቁና በአንተ እጅ ያልፋል፤ 6 ይሆናል። አንተ ከቀደምክ ግን የኔ 3 እዚያው 3 ሆኖ ይቀራል።»

ነገሩ ይኸው ነበር፤ ሙሉው ትምህርት በዚህች ንግግር ውስጥ አለ። ግን የተናገረችው አህያ ናት። ጉባኤው ሳቀ። ከመካከላቸው አንዱ «ጆሮ ረዘመ ማለት አእምሮ ረዘመ ማለት አይደለም» አለና ነገሩ ተዘጋ። በሬ ቀደመ። 5 ቁናውን ዘርቶ 10 አደረሰ፤ አህያ 10ሩን ተቀብላ ዳንግላ ወርዳ 13 ይዛ ተመለሰች። 13 ቁና ጎተራ ገባ። ማንም አልከፋውም፤ ሊሆን ይችል የነበረውን የሚያውቅ አልነበረምና።

አዝመራው በተሰበሰበ ሰሞን ከባድ ውርጭ ወረደ። በግ የዚያ ዓመት ብድሯ ሳይመለስላት በዚያ ውርጭ ሞተች።

ግልገሉ ብቻውን ወደ ጦጣ መጣ።

«እሜት ጦጢት፣ እናቴ ለጉባኤው ያበደረችውን ይስጡኝ።»

ጦጣ መዝገቡን ብታወጣ ገጹን ምስጥ በልቶታል። «አይዞህ፣ ከጎተራው ተነስቼ አሰላልሃለሁ» አለች። «ጎተራው 13 ቁና አለው። በሬ እጥፍ ያደርጋል፤ ስለዚህ ለሁለት እከፍለዋለሁ፤ 6 ተኩል። አህያ 3 ትጨምራለች፤ 3 እቀንሳለሁ፤ 3 ተኩል። የእናትህ 3 ቁና ተኩል ነው» ብላ መስፈር ጀመረች። ሦስቱን ቁና ሰፈረች። አራተኛውን እስከ ግማሹ ሞላችና በመዳፏ ደለደለችው።

ግልገሉ ግማሹን ቁና አየው። «እናቴ ተኩል ሰፍራ አታውቅም» አለ። «ለሰው ስትሰጥ ቁናውን ሞልታ፣ ከአፉ በላይ ከምራ ነበር።»

ጦጣ ተቆጣች። «ሒሳብ ነው! ሒሳብ አይዋሽም!»

ያን ጊዜ ፈረስ በዚያ ሲያልፍ ነበር። ቀኑ ጥር 23 ነው። በየዓመቱ በዚህ ቀን እንጅባራ ላይ የሰባቱ ቤት አገው ፈረሰኞች ይሰበሰባሉ፤ ፈረስ በዓድዋና በአርበኞች ዘመን ለዋለው ውለታ በመርገፍና በጌጥ አምሮ ሜዳ የሚወጣበት ቀን ነው። ፈረስ ገና ጭነቱ አልወረደለትም ነበር። ክርክሩን ሰማና ቆመ።

«እሜት ጦጢት፣ አምና ማን ነበር የቀደመው?»

«በሬ።»

«የጨረሰችውስ?»

«አህያ።»

«እንግዲያ ስሚኝ። ዛሬ ጠዋት ሲጭኑኝ መጀመሪያ ልብሱን አነጠፉብኝ፣ ኮርቻውን አስቀመጡ፣ በመጨረሻ በጠፍር ጥብቅ አድርገው አሰሩኝ። አሁን ስታወርጂልኝ ከልብሱ ብትጀምሪ ጀርባዬን ትልጪኛለሽ። ጠፍሩ ይፈታል፣ ኮርቻው ይወርዳል፣ ልብሱ በመጨረሻ ይነሳል። አንቺ የገብሱን ልብስ ከኮርቻው ስር እየጎተትሽ ነው። የአህያን 3 ቁና አስቀድመሽ አውርጂ።»

ጦጣ ከ13 ላይ 3 ቀነሰች፤ 10 ሆነ። ለሁለት ከፈለችው፤ 5 ሆነ። ቁናውን እንደገና አነሳች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ሁሉም ሙሉ፣ ተኩል የለበትም። ግልገሉ አምስተኛውን ቁና በእጁ ዳሰሰውና አለቀሰ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ጦጣ አልሰረቀችም። ሁለቱንም ሥራዎች ታውቃለች፤ መቀነስም ማካፈልም ትችላለች። የሳተችው ቅደም ተከተሉን ብቻ ነው፤ ያም የሙት ልጅን ቁና ተኩል ሊያሳጣው ነበር። በቅብብል የተሠራ ነገር ወደ መነሻው የሚመለሰው ከመጨረሻው ሠራተኛ ተጀምሮ፣ አንድ በአንድ፣ ወደ ኋላ ነው። ይህን በእርቅ ሥራም አይቻለሁ። በተደራረበ ቂም የተለያዩ ጎረቤቶችን ከአያቶቻቸው የድንበር ጠብ ጀምሮ ለማስታረቅ የሚሞክር ሽማግሌ አብዛኛውን ጊዜ አይሳካለትም። ትናንት የተወረወረው ስድብ ከላይ ተጭኖ ሳለ የታችኛውን ማን ያነሳዋል? ደህና ሽማግሌ ከትናንቱ ይጀምራል። ካሳው ከተከፈለ፣ ቃሉ ከተመለሰ በኋላ፣ ወደ አምናው፣ ወደ ካቻምናው እያለ ይወርዳል፤ ድንበሩ ላይ ሲደርስ ድንጋዩን ለመትከል የሚቀር ጉልበት አለው።

በሦስተኛው ዓመት ግልገሉ የተመለሰለትን 5 ቁና መልሶ ለጉባኤው አበደረ። አንድ ነገር ግን ጠየቀ፤ አህያ እንድትቀድም። በሬ አጉረመረመ። አሮጊቷ ላም ወደ እሱ ዞረች።

«አያ በሬ፣ ቀንድህን አይተናል። ያንተ ሥራ ማጠፍ ነው። የሚያጥፍ ሰው ብዙ በእጁ ሲገባለት ብዙ ይሠራል። ወደ አንተ 5 ከሚመጣ 8 ቢመጣ ምን ይጎዳሃል?»

በሬ የሚመልሰው አላገኘም። አህያ ሌሊት ተነስታ ዳንግላ ወረደች፤ 5ቱን 8 አድርጋ ተመለሰች። በሬ 8ቱን ዘራ። አዝመራው ሲገባ 16 ቁና ሆነ። ዘሩ ያው 5 ቁና ነው፤ ሠራተኞቹም ያው ሁለቱ ናቸው፤ መሬቱ ያው ኮምጣጣ መሬት ነው። አምና 13፣ ዘንድሮ 16። መንደሩ ካለፈው ዓመት ጎተራ የጎደሉት 3 ቁናዎች የት እንደሄዱ ያኔ ገባው። ቀንድ በልቷቸዋል። ብድሩን የሰጠው ግልገል ቢጠይቅ፣ የራሱ ነገር ስለሆነ፣ ጉባኤው ሰማው፤ አህያ አምና ይህንኑ ስትናገር ግን ተስቆባታል። እኛም አገር ብዙ ቁና የሚጎድለው በዚህ በኩል ነው። ማን ይቅደም የሚለውን የሚወስነው ሥራው መሆን ሲገባው፣ ዕድሜ ይወስነዋል፣ ማዕረግ ይወስነዋል፣ አንዳንዴም ዘር ይወስነዋል። ከዚያ በኋላ አዝመራው ለምን እንዳነሰ ጥናት ይጠናል።

ጉባኤው ይህ እንዳይረሳ ሥራው በኮሶው ግንድ ላይ ይጻፍ አለ። ኮሶ በዚያ አገር ብርቅ አልነበረም፤ እንጅባራን ኮሶበር የሚሏትም አሉ። ጦጣ ቢላዋ ይዛ ወጣች። ከሁሉ ፊት «በሬ» ብላ ጻፈች። ቅንፍ ከፍታ ውስጡ «አህያ» ጻፈች። ሌላ ቅንፍ ከፍታ በውስጡ ደግሞ፣ በትንንሽ ፊደል፣ «የግልገሉ 5 ቁና» ጻፈችና ሁለቱንም ቅንፎች ዘጋች።

የሒሳብ ሊቃውንትም እንዲህ ነው የሚጽፉት። ስዊዘርላንዳዊው ሌዮናርድ ኦይለር በ1734 እ.ኤ.አ. የፋንክሽኑን ስም ከፊት፣ የሚቀበለውን ነገር በቅንፍ ውስጥ ማስቀመጥ ከጀመረ ወዲህ፣ ቅብብል ሲጻፍ የመጨረሻው ሠራተኛ ስም ከሁሉ በፊት ይነበባል። መጀመሪያ የሠራው ወደ ውስጥ ይገባል። መነሻው፣ ያ ዘሩ፣ ከሁሉም ስር ይሸሸጋል። ተማሪ ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ነው፤ ከግራ ወደ ቀኝ ማንበብ ስለለመደ በሬን ያስቀድምና 13 ያገኛል። መሥራት የሚገባው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው።

መንገደኞች ኮሶው ስር ሲያርፉ ጽሑፉን ያነቡ ነበር። «በሬ» የሚለውን ያነቡና «አይ በሬ! 16 ቁና!» እያሉ ያልፋሉ። ቅንፉን ከፍቶ የሚገባ አልነበረም። አህያ ጽሑፉን ለብዙ ጊዜ ቆማ አየችው። ከዚያም ወደ ላሟ ሄዳ፣ «እማማ፣ ስሜ አለ፤ ግን ማንም አይደርስበትም» አለቻት። ላሟም ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ፣ እህሉ ጎተራ ሲገባ፣ ስሞቹ ጮክ ተብለው ከውስጥ ወደ ውጭ እንዲነበቡ አዘዘች። መጀመሪያ ዘሩን የሰጠው፣ ቀጥሎ ገበያ የወረደችው፣ በመጨረሻ ያረሰው። በሬም አልከፋውም፤ ከ16 ቁና ድርሻው ከ13ቱ ይበልጥ ነበርና።

ነገር ግን ቅብብል የራሱ አደጋ አለው። በአራተኛው ዓመት አህያ 5 ቁናውን ይዛ ዳንግላ ስትደርስ አንድ አሞሌ ነጋዴ አገኛት። «ጨው ከገብስ ይከብራል፤ ገብስሽን በአሞሌ ለውጪ፣ ትርፉ ያንቺ ነው» አላት። ሒሳቡ ልክ ነበር፤ በጨው ዋጋ ያተረፈችው ከ3 ቁና ይበልጥ ነበር። ደስ ብሏት ወደ ዘንገና ወጣች። በሬ ቀንበሩን አጥልቆ ማሳው ዳር ይጠብቃል። አህያ ጭነቷን ፈታችለት። በሬ አሞሌውን አሸተተ። ላሰው። ጣፈጠው፤ ደግሞ ላሰው። ከዚያ ቀና አለና ትልሙን አየ፣ አሞሌውን አየ፤ የሚዘራ ነገር የለም። አህያ ዳንግላ ተመልሳ እስክትለውጥ የዘር ጊዜው አለፈ። በዚያ ዓመት ከማሳው አንድ ቁና አልገባም።

በቅብብል ውስጥ ብዙ ማግኘት ብቻ አይበቃም። ከአንዱ እጅ የሚወጣው ሌላው ሊቀበለው የሚችል ነገር መሆን አለበት፤ ካልሆነ ከኋላ ያለው ሁሉ ቆመ ማለት ነው። በመዋጮ ቢሆን አህያ ጨው ብታመጣ የበሬ 10 ቁና በቦታው አለ። ቀደም ሲል ይያዝልኝ ያልኩት ይህን ነው። አሮጊቷ ላምም እንዲህ ወሰነች፦ ከርሞ 10 ቁና እናውጣ፤ 5ቱ በአህያ በኩል አልፎ ለበሬ ይድረስ፣ 5ቱ በቀጥታ ለበሬ ይሰጥ። ሁሉም ከሰመረ 16 እና 10፣ 26 ቁና እናገኛለን። የዳንግላ መንገድ ከተበላሸ 10ሩ አይቀርብንም። ቅብብሉ ራሱ በመዋጮው ውስጥ ገባ ማለት ነው። መንደሩ ከዚያ በኋላ ጠግቦ ባያድርም ባዶ ጎተራ አላየም።

ይህን ተረት ከአገው ምድር ያነሳሁት በምክንያት ነው። ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ ሲሄዱ የሚያልፉበት፣ ዋና ከተማው አዲስ ቅዳም የሆነው የፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬ፣ የኮመጠጠ መሬቱን በቅብብል ነው ያዳነው። ከአውስትራሊያ የመጣውን ዲከረንስ የተባለ ግራር ተክሎ፣ በመጀመሪያው ዓመት በችግኞቹ መካከል ጤፍ ይዘራል። ዛፉ ከፍ ሲል ጤፉ ይቀርና ሳሩ ለከብት ይታጨዳል። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ግድም ዛፉ ይቆረጥና እዚያው ማሳው ላይ ከሰል ይከሰላል። ከሰሉ በጭነት መኪና ወደ ሩቅ ከተሞች ይሄዳል፤ መሬቱ ደግሞ ተመልሶ ጤፍ ይቀበላል። ጤፍ፣ ሳር፣ ከሰል፣ እንደገና ጤፍ። ከዚህ ውስጥ ቅደም ተከተሉን ብታናጋ አንዱም አይሆንም፤ ዛፉ ባጠላበት ማሳ ጤፍ አይበቅልም፣ ያልጠና እንጨትም ከሰል አይወጣውም። ይህን መጽሐፍ አላስተማረውም፤ ገበሬው ራሱ አይቶና ሞክሮ የቀመረው ነው፣ እኔም ከልቤ አከብረዋለሁ።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ዋግ የሚባለው የፈንገስ በሽታ ዲከረንሱን መታው። ችግኙ ደረቀ፣ ዛፉ ከሰመ። በቅብብሉ መካከል ያለው አንዱ እጅ ሲያጥር ከሰሉም፣ ከከሰሉ በኋላ የሚመጣው ጤፍም አብረው ተናጉ። መሬቱን በሙሉ ለዛፍ የሰጠ ሰው የሚይዘው የሚጨብጠው አጣ። ጥግ ላይ ድንች ወይም ገብስ የተወ ሰው ቢያንስ የሚበላው ነበረው። ዛፍ መትከሉ ስሕተት ነበር የሚሉ አሉ፤ እኔ ከእነሱ ጋር አይደለሁም። ቅብብሉ ብዙ ቤት ቆርቆሮ አልብሷል፣ ልጅ አስተምሯል። የጎደለው የላሟ 5 ቁና ነው፣ በቀጥታ ለበሬ የምትሰጠው።

አዲስ አበባ ላይ ከሰል የሚገዛ ሰው የሚያውቀው ደጁ ላይ የሚሸጥለትን ቸርቻሪ ነው። ከቸርቻሪው በፊት ጅምላ አከፋፋዩ አለ፣ ከእሱ በፊት ሾፌሩ፣ ከእሱ በፊት ጢስ እየዋጠ እሳቱ ዳር የሚያድረው አክሳይ፣ ከእሱ በፊት ተካዩ፣ ከሁሉም ውስጥ ደግሞ መሬቱ። ዋጋው ሲከፋፈል ከውጭ ወደ ውስጥ ስለሆነ፣ ውስጥ ሲደርስ የሚቀረው ትንሽ ነው። ይህ ፍትሕ አይደለም፤ በቅንፉ የመጨረሻ ጥግ ያለው ካልሠራ ከውጭ ያለው ስም የሚይዘው ነገር የለውም።

በእንጅባራና በዳንግላ፣ በአዲስ ቅዳምና በቻግኒ የሒሳብ ሰሌዳ ፊት የምትቆሙ መምህራን፣ ልለምናችሁ። የፋንክሽን ድምርና ቅንብር፣ የእኛ መዋጮና ቅብብል፣ የሚማሩበት ሳምንት ሲደርስ ልጆቹ ከመጽሐፉ ምሳሌ በፊት ከየቤታቸው አንድ ቅብብል ይዘው እንዲመጡ አድርጉ። የእናቱ ጠላ ይሁን፣ የአባቱ ድንች፣ የጎረቤቱ የቀርከሃ ሥራ። ማን ለማን እንደሚያቀብል በቅንፍ ይጻፉት፣ ሲያነቡት ግን ከውስጡ ይጀምሩ፤ መጀመሪያ የሚጠሩትም ዘሩን ያቀረበውን ሰው ስም ይሁን።